ልጅ ነፍስ የሚያውቀው መቼ ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በአራት ኪሎና በፒያሳ ካፌዎች አንድ ወሬ ይነሣል። ስለ ፈተና ተጀምሮ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያልቃል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ሰው "ለምን አላጠኑም?" ብሎ ብቻ አላበቃም። "መኮረጅ ጥፋት መሆኑ ሳይሰማቸው እንዴት እዚህ ደረሱ?" ብሎም ጠየቀ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን "ዱላ ቀረና ልጅ ተበላሸ" ይላል። ሌላው "ግብረ ገብ ከትምህርት ቤት ስለወጣ ነው" ይላል። የሁለተኛው ወገን ጩኸት በከፊል ተሰምቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ተመልሷል። ሁለቱ መልሶች ግን መሠረታቸው አንድ ነው። ልጅ ባዶ ዕቃ ነው፤ ክፉና ደጉን የምንሞላበት እኛ ትልልቆቹ ነን ይላሉ። በልጆች ላይ ለአሥርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ይህን አይደግፉም። ልጅ መለየት የሚጀምረው እኛ ከምናስበው ቀድሞ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ፣ እኛ በምናርምበት መንገድ ላይ ነው።

## "ነፍስ ያላወቀ"

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የራሱ አነጋገር አለው። ክፉና ደጉን ያልለየ ልጅ "ነፍስ ያላወቀ" ይባላል። ሲለይ "ነፍስ አወቀ" እንላለን። መቼ ነው ቢባል ግን ሁሉም የየራሱን ቁጥር ይጠራል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ በልማድ መጾም የሚጀምረው 7 ዓመት ሲሞላው ነው። ሙስሊም ወላጅም ልጁን ሶላት እንዲሰግድ ማዘዝ የሚጀምረው በ7 ዓመቱ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ከትልቅ ሰው ለይቶ ያያል።

ሕግ መስመር ያስፈልገዋልና ቁጥሩ ግድ ነው። ነፍስ ማወቅ ግን በልደት ቀን አይመጣም። ጥቂት በጥቂት፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እያለ ይመጣል። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ታናሹን ስለመታ ከልቡ ያዝናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። ይህ ውሸታም አያደርገውም። ማወቅና ራስን መግዛት በአንድ ጊዜ አያድጉም፤ ራስን መግዛት ይዘገያል። ለእሱ የሚያግዘው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

## ገና አፍ ሳይፈታ

ጨቅላ ሕፃን ሌላ ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማ አብሮ ያለቅሳል። ይህ ገና ርኅራኄ አይባልም፤ እርሾው ግን ነው። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ሲደርስ ከማልቀስ አልፎ ለማባበል ይሞክራል። አሻንጉሊቱን ይዞ ወደሚያለቅሰው ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች 24 የ18 ወር ሕፃናትን ፈተኑ። አንድ የማያውቁት ሰው ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ይወድቅበትና ሊደርስበት ያቅተዋል። ወይም እጁ በዕቃ ሞልቶ የቁም ሣጥን በር መክፈት ይቸገራል። ከ24ቱ 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሄደው ረዱት። ያዘዛቸው የለም፤ የተሰጣቸውም ነገር የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። ለረዱበት ሽልማት የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት ሽልማቱ ሲቋረጥ ምንም ካልተሰጣቸው ያነሰ ረዱ። "ይህን ካደረግህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ" የምንል ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ታዋቂ ጥናት የ6 እና የ10 ወር ሕፃናት በአሻንጉሊት ትርዒት ላይ ረጂውን ከአደናቃፊው አስበልጠው እንደሚመርጡ ተናግሮ ነበር። "ሕፃን ከነሕሊናው ይወለዳል" የሚለው ወሬ በብዛት የተነዛው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን በብዙ አገር ያሉ ላቦራቶሪዎች ተባብረው ሙከራውን በሰፊው ሲደግሙት ሕፃናቱ አንዱን ከሌላው አልመረጡም። ስለዚህ ሕፃን ፍርድ ይዞ ይወለዳል ማለት አይቻልም። ለሌላው ስሜት ክፍት ሆኖ እንደሚመጣና ቶሎ መርዳት እንደሚጀምር ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው።

## ስንት ሲኒ ተሰበረ?

በዚህ መስክ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ለልጆች ሁለት ታሪክ እየነገረ ይጠይቅ ነበር። አንዱ ልጅ ለምግብ ተጠርቶ በር ሲከፍት፣ ከበሩ ኋላ መኖራቸውን ያላወቃቸውን 15 ሲኒዎች ሰበረ። ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ሲኒ ሰበረ። የባሰ ያጠፋው ማነው? ከትንንሾቹ ብዙዎቹ "15 የሰበረው" አሉ። ተለቅ ያሉት "ሊሰርቅ የሄደው" አሉ። ፒያዤም ትንሽ ልጅ ጥፋትን በጉዳቱ ብዛት ይመዝናል፣ አስቦ ነው ወይስ ሳያስብ የሚለውን የሚመዝነው ቆይቶ ነው ሲል ደመደመ።

በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን አሻሽለውታል። ታሪኩ አጠር ብሎ ሲነገርና የሁለቱ ልጆች ጉዳት እኩል ሲደረግ፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆችም ሐሳብን ያያሉ። ይህ ዕድሜ ልጅ "እኔ የማውቀውን ሌላው ላያውቅ ይችላል" ብሎ ማሰብ የሚጀምርበት ነው። ከዚያ በፊት "ሳላውቅ ነው" የሚለው ቃል ራሱ ለልጁ ሙሉ ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ መታዘብ ያለብን ራሳችንንም ነው። ከረከቦቱ ላይ ሲኒ በስሕተት የጣለ ልጅ ይመታል። እህቱን "አስቀያሚ" ብሎ ያስለቀሰው ግን "ተዉ እናንተ!" ተብሎ ይታለፋል። የስልክ ስክሪን የሰበረ ልጅ ቅጣቱ የሚከብደው ስክሪኑ ውድ ስለሆነ ነው። እንዲህ ስናደርግ ልጁ ሊያልፈው የሚገባውን መለኪያ መልሰን እናስተምረዋለን። ጥፋት ማለት የዕቃ ዋጋ ነው እያልነው ነው።

## ነውርና ግፍ

የጉዳዩ ዋና ቦታ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤሊየት ቱሪየል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ለልጆች አንድ ቀላል ጥያቄ ያቀርብ ነበር። ጥያቄው "መምህሯ ብትፈቅድስ?" የሚል ነው። በክፍል ውስጥ ዩኒፎርም አለመልበስ ጥፋት ነው? አዎ። መምህሯ ብትፈቅድስ? እንግዲያው ችግር የለም። ሌላ ልጅ መምታትስ? ጥፋት ነው። መምህሯ ብትፈቅድስ? አይሆንም፤ ያመዋላ! ይህን ልዩነት ልጆች ከ3 እና ከ4 ዓመት ጀምረው ያሳያሉ። አንዳንድ ነገር ክፉ የሚሆነው ስለተከለከለ ነው። አንዳንዱ ግን ባይከለከልም ክፉ ነው፤ ሰው ይጎዳልና። ቱሪየል የመጀመሪያውን የልማድ፣ ሁለተኛውን የሞራል ሕግ ይለዋል። ሞራል ሲል ሰውን አለመጉዳትን፣ ፍትሕንና የሰውን መብት ማለቱ ነው።

አማርኛ ለሁለቱም ቃል አለው። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው። ትልቅ ሰውን "አንተ" ማለት ነውር ነው። ሰው ቤት ሄዶ ሳይጋበዙ ማንሣት ነውር ነው። አቅም የሌለውን መምታት፣ የድሃ ልጅ ምሳ ዕቃ መንጠቅ፣ አንካሳውን መሳለቅ ግን ግፍ ነው። ነውር የሚመዘነው በሰው ዓይን ነው። ግፍ ማንም ባያይም ግፍ ነው። አያቶቻችን "ግፍ ይፈራል" የሚሉት ለዚህ ነው።

ለትንሽ ልጅ ስንናገር ግን ሁለተኛውን ቃል እንረሳዋለን። በግራ እጁ ሲበላም፣ ሕፃን ሲገፈትርም፣ እንግዳ ፊት ሲጮህም የሚሰማው አንድ ቃል ነው። "ነውር ነው!" የድምፃችን ቁጣም አንድ ነው። እንዲያውም እንግዳ ፊት ያሳፈረን ልጅ ታናሹን ከገፈተረው የባሰ ይቀጣል። ልጁ በራሱ የለየውን ነገር እኛ መልሰን እንቀላቅልበታለን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ማን አየኝ?" የሚል።

የቱሪየልን ሐሳብ የሚሞግቱ አሉ። ሪቻርድ ሽዌደር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሕንድ ቡባነሽዋር ከተማ ያነጋገራቸው ሰዎች የምግብና የአለባበስ ሥርዓትን ከሰው ጉዳት ለይተው አላዩም። ለእነሱ አባቱ በሞተ ማግስት ዶሮ የበላ ልጅ ከባድ በደል ፈጽሟል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለአንድ የኦርቶዶክስ ልጅ ዓርብ ቀን ሥጋ መብላት የአለባበስ ደንብ እንደመጣስ ያለ ቀላል ነገር አይደለም። ቅዱስ ነገርን መድፈር ነው። ስለዚህ የልማድና የሞራል መስመር በየኅብረተሰቡ አንድ ቦታ ላይ አይሰመርም።

ተቃውሞው ትክክለኛ ነገር ይዟል። ግን ከባድ የሆነው የልዩነት መስመር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሚጾም ልጅ የማይጾም የሙስሊም ጎረቤቱን "አጠፋህ" አይለውም። ያ ጎረቤቱ ታናሽ ወንድሙን ቢመታበት ግን "ለምን መታኸው?" ይለዋል። በአዲስ አበባ መሐል፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች በአንድ ግቢ ሲያድጉ፣ ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምራቸው ይማሩታል።

## ዱላ ምን ያስተምራል?

"በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እንቁላል የሰረቀ ልጅ እናቱ ዝም ትለዋለች። አድጎ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል ይወቅሳታል። ይህ ተረት ለዱላ ጠበቃ ሆኖ ይጠቀሳል። ልብ ብሎ ላየው ግን የሚወቅሰው ዝምታን ነው። እናትየዋ እንቁላሉን ተቀብላ ቀቅላ ብታበላው ነው ጥፋቱ የጀመረው። ማረምና መምታት አንድ አይደሉም።

ማርቲን ሆፍማን የተባለ ተመራማሪ ወላጆች የሚያርሙባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍሏቸዋል። አንዱ ኃይል ነው፤ ዱላ፣ ማስፈራራት፣ ዕቃ መንጠቅ። ሁለተኛው ፍቅር መንሣት ነው፤ "ከእንግዲህ የኔ ልጅ አይደለህም" ማለት። ሦስተኛውን ኢንዳክሽን ይለዋል። ልጁ ያደረገው ነገር በሌላው ላይ ያስከተለውን እንዲያይ ማድረግ ነው። በእኛ ቤት አነጋገር "አየሃት? ይኸው እያለቀሰች ነው። አንተን ቢያደርጉህ ደስ ይልሃል?" ማለት ነው። በጥናቶቹ ውስጥ ከልጁ ርኅራኄና ጥፋትን በራሱ ከማመን ጋር በተደጋጋሚ የተያያዘው ይህ ሦስተኛው ነው። ኃይል የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ሲመታ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ራሱ ሕመም ይዞራል። ያስለቀሳት እህቱ ከሐሳቡ ትወጣለች።

ከአፍሪካ የመጣ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ነው። በአንድ የምዕራብ አፍሪካ አገር ሁለት ትምህርት ቤቶች ተነጻጸሩ። በአንዱ ልጆች በበትር ይመታሉ፣ ይቆነጠጣሉ፣ በጥፊ ይመታሉ። በሌላው ይመከራሉ፣ ይገሠጻሉ። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች "ዞረህ አሻንጉሊቱን እንዳታይ" ተብለው ብቻቸውን ተተዉ። በሁለቱም ትምህርት ቤት አብዛኞቹ ሰርቀው አዩ። ልዩነቱ የመጣው ሲጠየቁ ነው። በዱላው ትምህርት ቤት ያዩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ዋሹ። በሌላው ግማሽ ያህሉ እውነቱን ተናገሩ። የሚመቱት ልጆች ውሸታቸው እንዳይታወቅ በማድረግም ይበልጡ ነበር።

ጥናቱ ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይሸከምም። ከሌሎች ጋር ሲታይ ግን አቅጣጫው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ 75 ጥናቶችንና ከ160,000 በላይ ልጆችን ያጠቃለለ ትንታኔ በእጅ መዳፍ መመታትን ከጠበኝነትና ከመጥፎ ጠባይ መጨመር ጋር አያይዞታል። ተቺዎች "አስቸጋሪ ልጅ ስለሆነ ነው የተመታው፤ ስለተመታ አይደለም የከፋው" ይላሉ። ቁም ነገር ያለው ትችት ነው። ሌሎች ደግሞ ባህልን ያነሣሉ። ኬንያን ጨምሮ በ6 አገሮች የተደረገ ጥናት ዱላ የተለመደ በሆነበት ቦታ ጉዳቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቀነሰ እንጂ ግን አልጠፋም።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቤት ውስጥ ግን ሕጉ ለስለስ ይላል። የቤተሰብ ሕጉ ለአሳዳጊ ልጁን ለማረም አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ በቀን ውስጥ በሁለት ሕግ ሥር ይኖራል። ትምህርት ቤት የተከለከለው ቤት ይጠብቀዋል።

## ይሉኝታና የሰፈር ዓይን

ይሉኝታ "ምን ይሉኛል" ከሚለው የመጣ ቃል ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በእሱ ነው። ተመራማሪዎች እፍረትንና ጸጸትን ይለያሉ። ያፈረ ሰው መደበቅ ይፈልጋል። የተጸጸተ መካስ ይፈልጋል። በምዕራቡ ዓለም ጥናቶች እፍረት የበዛበት ልጅ ጥፋቱን ወደ ሌላ የማላከክ ዝንባሌው ይበልጣል። በታይዋን የተደረገ ጥናት ግን ወላጆች ልጆቻቸውን በመጠኑና በፍቅር እያሳፈሩ እንደሚያስተምሩ ያሳያል። ይሉኝታ በጥቅሉ መጥፎ ነው ማለት ስለዚህ አይቻልም። የሚያይ ሰፈር እስካለ ድረስ ሰውን ይይዛል።

አሁን የሚለወጠው ደግሞ ያ ሰፈር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤተሰቦች ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። በድሮው ግቢ ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ፣ እድሩ አንድ ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ መቆጣት መብቱ ነበር። ያ ኑሮ ጠባብና አድካሚ ነበር፤ ማንም በማንም ልጅ ላይ እጁን ያነሣ ነበር። ላዝንለት የምፈልገው ሌላ ነገር አለው። የልጆቹ ጨዋታ ነው።

ፒያዤ ደንብ ከየት እንደሚመጣ ያጠናው የጄኔቫና የኒውሻቴል ልጆች ብይ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ነው። ትንንሾቹ ደንቡ ከአባቶች የመጣ፣ የማይነካ ነገር ይመስላቸው ነበር። ከ10 ዓመት በላይ የሆኑት "ሁላችን ከተስማማን መለወጥ እንችላለን" ይሉ ነበር። ፒያዤ እንዳለው ልጅ ፍትሕን በዋናነት የሚማረው ከወላጅ ሳይሆን ከእኩዮቹ ነው። ወላጅን መታዘዝ እንጂ መደራደር አይቻልም። ከእኩያ ጋር ግን ካልተስማሙ ጨዋታው ይፈርሳል።

የመሐል አዲስ አበባ ልጅ ይህን በብይ፣ በቆርኪ፣ በሰኞ ማክሰኞ፣ በፔፕሲ ተምሯል። በመንገድ ላይ ኳስ ዳኛ የለም። ጎል ነው አይደለም ብለው ይጨቃጨቃሉ። ኳሱ የአንዱ ነው፤ ካኮረፈ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መተው፣ መካስ፣ ትንሹን ማስገባት ይለምዳሉ። ኮሪደሩ አደባባይና የልጆች መጫወቻ ይዞ መምጣቱ እውነት ነው። መወዛወዣ ላይ መጫወት ግን ደንብ ማውጣት አይጠይቅም። በኮንዶሚኒየሙ ቅጥር ግቢም ኳስ የያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ መኪና ይነካል ተብሎ ይባረራል። ከዚያ የሚቀረው ስልክ ነው። የስልክ ጨዋታ ደንቡ ቀድሞ ተጽፎ ይመጣል፤ የሚከራከሩት ሰው የለም።

## ኩረጃን በልጅ ዓይን ማየት

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የሚኮርጅ ተማሪ ሕሊና የለውም ይባላል። የክፍሉን ቋንቋ ያዳመጠ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ወረቀቱን የሚሸፍን ልጅ "ስስታም" ይባላል። ለመምህር የሚናገር "አሳባቂ" ነው። የሚያስኮርጅ ደግ ነው፤ ጓደኛውን አልከዳም። ይህ የሞራል ቋንቋ ነው። ታማኝነት ሐቀኝነትን አሸንፎበት ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ባለው ዕድሜ ደግሞ በጓደኞች ዓይን ጥሩ ሰው መሆን ከሁሉም ይበልጣል። ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀመረው ጥናቱ ይህን የሞራል ዕድገት አንድ ደረጃ ብሎ መድቦታል።

ሌላ ምክንያትም አለ። በ7 አገሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሁለት ሁለት ልጆችን አስቀምጦ እኩል ያልሆነ ከረሜላ አከፋፈለ። በሰባቱም አገር ልጆች ያነሰ ሲደርሳቸው "ይቅርብኝ" አሉ። የበለጠ ሲደርሳቸው ግን እምቢ ያሉት በ3 አገሮች ያሉ ተለቅ ያሉ ልጆች ብቻ ነበሩ። አገሮቹም ካናዳ፣ አሜሪካና ዩጋንዳ ናቸው። ልጅ ሲወሰድበት "ግፍ ነው" ለማለት ማንም አያስተምረውም። ሲጨመርለት "ግፍ ነው" ማለት ግን ከኅብረተሰቡ የሚማረው ነገር ነው። ኩረጃ ደግሞ መጨመር ነው። ተጎጂው አይታይም። በኮረጀው ውጤት ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ቦታ ያጣ የገጠር ልጅ ፊት ለፊቱ ቆሞ አያለቅስም። ያልታየ ሰው ላይ ርኅራኄ አይነሣም።

ሦስተኛው ምክንያት እኛው ነን። ስልክ ሲደወል "አባዬ የለም በል" እንላለን። መሥሪያ ቤት ወረፋ ስናልፍ ልጁ እጃችንን ይዞ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ አንድ ትልቅ ሰው የዋሻቸው የትምህርት ቤት ልጆች ካልተዋሹት ይልቅ ደንብ ጥሰው ሰርቀው አዩ፤ ሲጠየቁም ዋሹ። ከትምህርት ቤት በታች ያሉት ላይ ይህ አልታየም። ማለትም ልጁ ነፍስ ባወቀ መጠን የእኛን ውሸት ይመዝናል።

## ግብረ ገብ በክፍል ውስጥ

ግብረ ገብ በንጉሡ ዘመን የነበረ ትምህርት ነው። በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት ቦታውን ያዘ። በኢሕአዴግ ዘመን ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተባለ። አሁን በቀድሞ ስሙ ተመልሷል። በየቄስ ትምህርት ቤቱና በየመድረሳውም የራሱ ባህል ያለው የሥነ ምግባር ትምህርት አለ። መመለሱን የሚደግፉ ሰዎች ልጅ በልማድና በተደጋጋሚ ምክር ይቀረጻል ይላሉ። ኮልበርግ ደግሞ በጎ ጠባዮችን እየዘረዘሩ ማስተማር ብዙ እንደማያመጣ ይከራከር ነበር። ልጅ የሚያድገው ሁለት በጎ ነገር ሲጋጭበትና ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲወያይበት ነው የሚል ነበር። በክፍል የተሞከሩ ውይይቶችም የልጆችን አመዛዘን ከፍ እንዳደረጉ ታይቷል። እሱም ራሱ ግን ተተችቷል። ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 ፍትሕን ብቻ እንደሚለካና መተሳሰብን እንደሚዘነጋ ነግራዋለች።

ተረት ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2014 የእነ ካንግ ሊ ቡድን ይህን ፈትኖታል። ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው ልጅ ተረትና "ተኩላ መጣ" እያለ የሚዋሸው እረኛ ተረት የልጆችን ውሸት አልቀነሱም። የቀነሰው ዛፍ ቆርጦ እውነቱን በመናገሩ የተመሰገነ ልጅ ታሪክ ነው። ቅጣት የሚያሳየው ተረት አልሠራም፤ የእውነትን ደስታ ያሳየው ሠራ። ከ"በእንቁላሉ ጊዜ" ጎን ለጎን እውነት ተናግረው የተከበሩ ልጆችን ተረት ማብዛት ለመምህር ከባድ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ምዘናው ነው። ግብረ ገብ እንደ ሌላው ትምህርት በምርጫ ጥያቄ ከተፈተነ ልጁ መልሱን እንጂ ምክንያቱን አያመጣም። መልስ ደግሞ መኮረጅ ይቻላል። አንድ የአምስተኛ ክፍል መምህር በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ቢል ሌላ ነገር ይፈጠራል። "ጓደኛህ እናቱ ታማበት ሳያጠና መጣ። ፈተና ላይ 'አሳየኝ' አለህ። ምን ታደርጋለህ?" አንዱ "አሳየዋለሁ፤ ያሳዝናል" ይላል። ሌላዋ "እኔስ? ሌሊት ሳጠና ነው ያደርኩት" ትላለች። አንዱ ዝም ይላል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ "ለምን አብረን ሄደን ቲቸርን ሌላ ቀን ይፈትነው ብለን አንለምንም?" ሊል ይችላል። ይህን መልስ ከሀ እስከ መ ባሉት ምርጫዎች ውስጥ ቀድሞ ማስቀመጥ የሚቻል አይመስለኝም።